ብናኝን ከመጋዙ ሥር መያዝ

ማታ ሥራ ጨርሼ፣ ጠርጌ፣ መብራት አጥፍቼ ከወጣሁ በኋላ የረሳሁትን ሜትር ፍለጋ የእጅ ባትሪ ይዤ ወደ መሥሪያ ክፍሌ ተመለስኩ። ወለሉ ንጹሕ ነው፤ አንዲት ፍቅፋቂ እንኳ አልቀረችም። የባትሪው ብርሃን ባለፈበት ሁሉ ግን አየሩ ጉም ይመስላል። መጋዙ ከቆመ ግማሽ ሰዓት አልፎታል፤ የቆረጥኩትም ለአንድ ቁም ሣጥን በር የሚሆን ኤምዲኤፍ ብቻ ነበር። በሩ ላይ ቆሜ ብናኙ ብርሃኑ ውስጥ ሲንሳፈፍ አየሁ። ቁልቁል የሚወርድ አይመስልም፤ ባለበት ይዋልላል። ስጠርግ አፌን የሸፈንኩበትን ሻርፕ ደግሞ "አሁንማ ጸዳ" ብዬ ካወለቅኩት ቆይቻለሁ።

አናጺዎች ከጣሊያንኛ ተውሰን ሰጋቱራ የምንለው የሚወድቀውን ነው። በዓይን ይታያል፣ በመጥረጊያ ይሰበሰባል፣ በማዳበሪያ ተሞልቶ ለእንጀራ መጋገሪያ ይሸጣል። ብናኙ ሌላ ነገር ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት ወደ 70 ማይክሮን ይጠጋል፤ ወደ ሳንባ የሚዘልቀው ብናኝ ከ10 ማይክሮን ያነሰው ነው። እሱን አፍንጫ አያስቀረውም፤ መጥረጊያም ሲነካው መልሶ ወደ አየር ያስነሳዋል።

ጉዳቱ በግልጽ ከታየባቸው ቦታዎች አንዷ ከለንደን ብዙም የማትርቀው የወንበር ሠሪዎች ከተማ ሃይ ዊኮም ናት። እዚያ ይሠሩ የነበሩት የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ኤስሚ ሃድፊልድ፣ በሌላው ሕዝብ ዘንድ እጅግ ብርቅ የሆነ የአፍንጫ ውስጥ ካንሰር በቤት ዕቃ ሠሪዎች ላይ ሲደጋገም አስተዋሉ። እ.ኤ.አ. በ1968 ከዶናልድ አቺሰንና ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር ጥናቱን በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት አሳተሙ። በ1995 ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የእንጨት ብናኝን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡት ተርታ መደበው። ዛሬ በአውሮፓ ኅብረት በሥራ ቦታ የሚፈቀደው የጠንካራ እንጨት ብናኝ በአንድ ሜትር ኩብ አየር 2 ሚሊግራም ነው። እስቲ እናስላው፦ 4 በ5 ሜትር የሆነ፣ ቁመቱ 2.5 ሜትር የሆነ ክፍል 50 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። እዚያ ወሰን ላይ ለመድረስ 100 ሚሊግራም፣ ማለትም የአንድ ግራም አንድ አሥረኛ ይበቃዋል። በሁለት ጣት ከሚቆነጠር ጨው ያነሰ ነው።

የብናኝ መሳቢያ ሊገዛ የሚነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው ሞተሩ ስንት ፈረስ ጉልበት እንደሆነ ነው። እኔ ከሞተሩ በፊት አፉን ይመልከቱ እላለሁ፤ ማለትም ብናኙ በሚፈልቅበት ቦታ ላይ አየሩን የሚቀበለውን ክፍል። ምክንያቱን ቤት ውስጥ መሞከር ይቻላል። ጧፍ ያብሩና ክንድ ያህል ርቀው እፍ ይበሉት፤ ይጠፋል። አሁን በዚያው ርቀት ሆነው አየር ወደ ውስጥ በመሳብ ሊያጠፉት ይሞክሩ። ነበልባሉ አይነቃነቅም። የሚነፋ አየር ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ የሚሳብ አየር ግን ከየአቅጣጫው ተጠራርቶ ስለሚመጣ፣ ከቱቦው አፍ የቱቦውን ስፋት ያህል እንደራቁ ፍጥነቱ ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። ስለዚህ ባለ 10 ሳንቲሜትር ቱቦ ከመጋዙ 30 ሳንቲሜትር አርቆ የሰቀለ ሰው፣ ሞተሩ ምንም ያህል ቢያገሳ፣ ብናኙን አልያዘውም።

የጠረጴዛ መጋዝን እንውሰድ። የዲስኩ ጥርሶች አብዛኛውን ሰጋቱራ ወደ ታች ይዘውት ይወርዳሉ። ጥቂቱን ግን ተሸክመው ዞረው ከላይ ወደ ሠራተኛው ፊት ይረጩታል፤ ያ የሚረጨው ደግሞ ደቃቁ ነው። ስለዚህ አንድ ቱቦ ከሥር አይበቃም፤ ሌላ ቀጭን ቱቦ ከዲስኩ መሸፈኛ ላይ ያስፈልጋል። የእኔ መጋዝ ሥሩ ክፍት ስለነበር በኮምፔንሳቶ ሣጥን ሠርቼ ዘጋሁት። መጀመሪያ ላይ ቀዳዳ ሁሉ ጠላት መስሎኝ ጥግ ጥጉን በሙሉ በፕላስተር አሸግኩት። ድምፁ ጠነከረ፣ ሣጥኑ ውስጥ ያለው ሰጋቱራ ግን ከቦታው አልተነሳም። የሚገባ አየር ከሌለ የሚወጣም የለም። ከቱቦው ፊት ለፊት በኩል ሁለት ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ስከፍትለት ሣጥኑ በአንድ አፍታ ተራቆተ።

ማሽኑን በተመለከተ፣ ሁለቱን ዓይነት አለማደባለቅ ብዙ ገንዘብ ያድናል። ቫኪዩም የሚባለው በጠባብ ቱቦ ጥቂት አየር በብርቱ ኃይል ይስባል። ትልቁ የብናኝ መሳቢያ ደግሞ በሰፊ ቱቦ ብዙ አየር በለሰለሰ ኃይል ያንቀሳቅሳል። በእጅ የሚያዙት፣ የማለስለሻ ማሽን፣ ራውተርና የእጅ መጋዝ፣ መውጫቸው ጠባብ ስለሆነ ቫኪዩም ይፈልጋሉ። መላጊያ ማሽንና የጠረጴዛ መጋዝ ትልቁን ይፈልጋሉ። መላጊያ ማሽን ላይ የቫኪዩም ቱቦ የሰካ ሰው ሁለት ሜትር ሳንቃ ሳይልግ ቱቦው በፍቅፋቂ ይታፈንበታል። ትልቁን መሳቢያ በማጥበቢያ ከማለስለሻ ማሽን ጋር የሚያገናኝም በተቃራኒው ምንም አይስብም፤ ለስላሳው ኃይል በጠባቡ ቀዳዳ ለማለፍ አቅም የለውም።

የቱቦ ስፋት ነገር ከሁሉ በላይ ይናቃል። ሰጋቱራ ቱቦ ውስጥ ሳይወድቅ እንዲጓዝ አየሩ በሰከንድ 20 ሜትር ያህል መሮጥ አለበት። በዚህ ፍጥነት ባለ 5 ሳንቲሜትር ቱቦ በሰዓት 140 ሜትር ኩብ ያሳልፋል፤ ባለ 10 ሳንቲሜትሩ 565፤ ባለ 15 ሳንቲሜትሩ 1,270። ስፋቱ በአንድ ግማሽ ሲጨምር የሚያልፈው አየር ከእጥፍ ይበልጣል። መንገድ ላይ አንዲት ጠባብ መጋጠሚያ ካለች ግን የሙሉው መስመር ልክ እሷ ናት።

ሌላው ሌባ ባለ ሽክርክሪቱ ተጣጣፊ ጎማ ነው። በውስጡ ያለው ሽንሽን አየሩን ይጎትተዋል። እኔ ስድስት ሜትር ገዝቼ ክፍሉን ሙሉ አዞርኩበትና ማሽኑ ደካማ ነው ብዬ አማረርኩ። ጎማውን እያንዳንዱ ማሽን ጋ ወደ አንድ ሜትር ቆርጬ ቀሪውን ልሙጥ ቱቦ ሳደርገው ያው ማሽን ሌላ ሆነ። ለዚህ የቧንቧ ዕቃ ቤቶች የሚሸጡት ባለ 110 ሚሊሜትር የፍሳሽ ፒቪሲ ጥሩ ነው። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ 110 የሚባለው በውጭ በኩል ተለክቶ ነው፤ የማሽኑ አፍ 100 ቢሆን እንኳ መጋጠሙን ሳይለኩ አይግዙ። ካሊፐር ይዘው ይሂዱ። ባለ 90 ዲግሪ ጎሚቶ ከመግዛት ሁለት ባለ 45 ዲግሪ ጎሚቶ ማያያዝ ይሻላል፤ ቅርንጫፍ ሲያወጡም በቲ ፈንታ ዋይ ይምረጡ። ፍሳሽም ሰጋቱራም ድንገት ሲጠመዘዙ እዚያው ይቀራሉ። በየቅርንጫፉ ተንሸራታች መዝጊያ ያስገቡ፣ ሲሠሩ የአንዱን ማሽን ብቻ ክፍት ያድርጉ። መዝጊያውን ከኮምፔንሳቶና ከቀጭን ላሜራ በቤት መሥራት ይቻላል፤ ጎማውን ግን በጥሩ ፋሼታ ይጠርንፉት።

አሁን እኔ ከሁሉ አብልጬ ወደምወደው ዕቃ ደረስን፤ ወደ ሳይክሎን መለያው። ጠባብ ጎኑ ወደ ታች የሆነ ሾጣጣ ጣሳ ነው። አየሩ ከላይ በጎን በኩል ገብቶ ግድግዳውን ተከትሎ ይሽከረከራል። ከባዱ ሰጋቱራ በሽክርክሪቱ ወደ ግድግዳው ተወርውሮ ይወርድና ከሥር በተቀመጠው በርሜል ይጠራቀማል፤ አየሩ በመሃል ወደ ላይ ይወጣል። የሚንቀሳቀስ አካል የለውም፣ አያረጅም። ታዋቂው የእንግሊዝ ፈልሳፊ ጄምስ ዳይሰን ከረጢት የሌለውን የቤት ቫኪዩም ያሰበው በእንጨት መሰንጠቂያ ጣሪያ ላይ እንዲህ ያለ ሳይክሎን አይቶ ነው፤ እስኪሳካለት 5,127 ሙከራ ሠራ። ለቫኪዩም የሚሆነው ትንሹ ሳይክሎን በ20 ሊትር የቀለም ባልዲ ክዳን ላይ ይታሰራል። ባልዲው ጠንካራ ይሁን፤ የእኔ የመጀመሪያው ስስ ስለነበር ቱቦው ሲታፈን እንደ ወረቀት ተጨማደደ። ሳይክሎን ከመግጠሜ በፊት አንድ በር በቆረጥኩ ቁጥር የቫኪዩሙን ማጣሪያ አውጥቼ አራግፍ ነበር፤ ማራገፉ ራሱ ፊቴን ብናኝ ያለብሰው ነበር። አሁን ባልዲውን ብቻ እደፋለሁ፣ ማጣሪያውን ግን ለወራት አልነካሁትም።

ሳይክሎኑ የማይዘው ደቃቁን ነው፤ እሱ ለማጣሪያው ይቀራል። አንዳንድ ርካሽ መሳቢያዎች ይዘውት የሚመጡት የጨርቅ ከረጢት የሚያስቀረው ከ30 ማይክሮን በላይ ያለውን ነው። እንዲህ ያለ ከረጢት ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ ትልቁን ሰብስቦ አደገኛውን መልሶ እንደ መርጨት ነው። ክፍል ውስጥ የሚቆም ከሆነ 1 ማይክሮን ወይም ከዚያ ያነሰ የሚይዝ የታጠፈ ማጣሪያ ይግዙ። የአዲስ አበባ ሰው ግን የተሻለ መንገድ አለው። ቀዝቃዛ አገር ያሉ አናጺዎች አየሩን አጣርተው ወደ ክፍሉ የሚመልሱት ያሞቁት አየር እንዳይባክን ነው። እኛ የምናሞቀው ነገር የለም። ማሽኑን ከግድግዳው ውጭ ቆርቆሮ አልብሶ ማቆም፣ ከሳይክሎን በኋላ አየሩን ወደ ውጭ መልቀቅ ይቻላል፤ ድምፁም አብሮ ይወጣል። መውጫውን ወደ ጎረቤት መስኮትና ወደ ልብስ ማስጫ አያዙሩት።

አሜሪካ ያሉ ዘመዶች ማሽን ሲልኩ የሚዘነጋ ነገር አለ። እዚያ መብራቱ 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ነው፤ እዚህ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ። ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይለውጥም። የመሳቢያው ሞተር እዚህ በአምስት ስድስተኛ ፍጥነቱ ይዞራል፤ የመሳብ ኃይሉም ወደ 70 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ሞተሩም ከልክ በላይ ይግላል። ቱቦ፣ መዝጊያ፣ ሳይክሎንና ማጣሪያ ያስልኩ፤ ሞተሩን እዚህ ይግዙ።

ጣሪያ ላይ የሚሰቀለው አየር ማጣሪያ ሣጥን ያመለጠውን ይለቅማል፣ ከመጋዙ ሥር ያልተያዘውን ግን ከአፍንጫዎ ቀድሞ አይደርስበትም። ጭምብልም ያስፈልጋል፤ ኤን95 ወይም ኤፍኤፍፒ2 የተጻፈበት ይሁን። ጢም ያለው ሰው ጭምብሉ ከፊቱ ጋር ስለማይገጥምለት በዚያ ብቻ አይተማመን። ወለል ሲጠርጉ ምስማር ያለበትን ወደ ቱቦው አያስገቡ፤ ማራገቢያውን መትቶ የሚፈነጥቀው ብልጭታ ደረቅ ሰጋቱራ ውስጥ ይገባል።

በርሜሎቼ ሁለት ናቸው። የዋንዛው፣ የጽዱና የባሕር ዛፉ ሰጋቱራ በአንዱ ይጠራቀማል፤ ጎረቤታችን እትዬ ለምጣዳቸው ይወስዱታል። ሁለተኛው ላይ በቀይ ቀለም ትልቅ መስቀለኛ ምልክት አድርጌበታለሁ። የኤምዲኤፍና የቺፕውድ ነው። ሙጫው አብዛኛውን ጊዜ ፎርማልዲሃይድ ያለበት ስለሆነ ለምጣድም፣ ለዶሮ ጉዝጓዝም አይሆንም። ባለፈው እሑድ እትዬ ያ ቀዩ ለምን እንደማይሰጣቸው ጠየቁኝ፤ ማታ መጥተው በባትሪ እንዲያዩት ነገርኳቸው።