ሐዲዱ ተነጥፎ ባቡሩ ለምን ይዘገያል?

ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል እስከ ሐራ ገበያ የሚዘልቀው የባቡር መስመር 392 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ግንባታው በቱርኩ ተቋራጭ ያፒ መርከዚ አማካይነት በ2007 ዓ.ም. ተጀምሯል። እስከ ኮምቦልቻ ያለው የመጀመሪያው ምዕራፍ በአመዛኙ ከተጠናቀቀ በኋላ ግን ለዓመታት መደበኛ ባቡር አልተመላለሰበትም።

ጉዳዩ ለደጎሎና ለአካባቢው አርሶ አደር ሩቅ አይደለም። ከጅቡቲ የሚገባው ማዳበሪያ ወደ ጃማ የሚደርሰው፣ ስንዴውና ጤፉም ወደ ገበያ የሚወጣው በጭነት መኪና ነው። የመኪናው ኪራይ በጨመረ ቁጥር ጭማሪው የሚያርፈው በገበሬው ላይ ነው።

አንደኛው የመዘግየት ምክንያት ኤሌክትሪክ ነው። ባቡሩ በናፍጣ ሳይሆን ከሐዲዱ በላይ ከተዘረጋው ሽቦ በሚያገኘው ኃይል የሚሄድ በመሆኑ፣ ከዋናው መረብ ኃይል ተቀብለው ለሽቦው የሚሰጡ ማከፋፈያ ጣቢያዎች ያስፈልጉታል። ሐዲዱን የሚያነጥፈው ተቋራጭ ሲሆን፣ በአገራችን የከፍተኛ ኃይል ማስተላለፊያ የሚዘረጋው ደግሞ ሌላ ተቋም ነው። የአንዱ ሥራ ቢያልቅ የሌላው እስኪደርስ ሐዲዱ ቆሞ ይጠብቃል፤ በዚህ መስመርም የገጠመው ይኸው ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ኮምቦልቻ ሲደርስ በፕሮጀክቱ ንብረት ላይ የደረሰው ዘረፋና ውድመት ችግሩን አባብሶታል።

ሁለተኛው ምክንያት የሰው ኃይል ሲሆን፣ ብዙ የማይነገርለትም እርሱ ነው። ለዚህ የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ጥሩ ማሳያ ይሆናል። የሙከራ ጉዞው ጥር 24 ቀን 2007 ዓ.ም. ቢጀመርም፣ ከዳግማዊ ምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ የሚደርሰው መስመር ለሕዝብ የተከፈተው ከሰባት ወራት በላይ ቆይቶ መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ከአያት ጦር ኃይሎች ያለው ደግሞ ጥቅምት 29 ተከተለ። የሙከራ ጊዜ ባዶ ባቡር ማመላለስ ብቻ አይደለም። አሽከርካሪው ኩርባውንና ቁልቁለቱን፣ ተቆጣጣሪው የምልክት ሥርዓቱን፣ ጠጋኙም የሽቦውን ጠባይ የሚለማመዱበት ነው። ያም ሆኖ በሚገባ የሠለጠነ የአገር ውስጥ ባለሙያ ባለመኖሩ፣ መስመሩን የማንቀሳቀሱ ሥራ ለ41 ወራት ለቻይና ኩባንያዎች በውል ተሰጥቶ ነበር። ከ41ዱ ባቡሮች ከግማሽ በላይ የሆኑት በኋላ በመለዋወጫ እጦት ቆመዋል።

የኢትዮ ጅቡቲ መስመርም መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመርቆ መደበኛ የንግድ አገልግሎት የጀመረው ታኅሣሥ 23 ቀን 2010 ዓ.ም. ነው። የአዋሽ ኮምቦልቻ ሐዲድ የሚገናኘው ከዚሁ መስመር ጋር ነው።

ሐዲድ ሲነጠፍ ድንጋይ የሚሸከም፣ ብረት የሚያስር፣ አፈር የሚቆፍር ብዙ ወጣት ሥራ ያገኛል። ግንባታው ሲያልቅ ይበተናል፤ ባቡሩ ሲጀምር የሚፈለገው ቁጥሩ አነስተኛ የሆነ፣ ለወራት የሠለጠነ ሰው ነውና። ሥልጠናው ኤሌክትሪኩ ከገባ በኋላ የሚጀመር ከሆነ መስመሩ እንደገና መጠበቁ አይቀርም። ስለዚህ የኮምቦልቻና የደሴ ነዋሪ «ባቡሩ መቼ ይመጣል?» ሲል፣ ስንት የአካባቢው ልጆች ለአሽከርካሪነትና ለጥገና እየሠለጠኑ እንደሆነም አብሮ ቢጠይቅ ተገቢ ነው።