በእንሰት ሥር የተደበቀው ተባይ

በጓሮ የተተከለ እንሰት ለጉራጌ አርሶ አደር የክፉ ቀን መከታ ነው። ቆጮው፣ ቡላውና አምቾው ለቤተሰቡ ምግብ፣ ቅጠሉ ለከብት መኖ፣ ቃጫው ለገበያ ይውላል። ይሁንና እንሰት ለመፋቅ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዓመት የሚበላሽ እንሰት የአንድ ወቅት ምርት ብቻ ሳይሆን የዓመታት ልፋት ይዞ ይሄዳል።

እንሰትን ከሚጎዱት መካከል አንዱ ከአፈር በታች ስለሚኖር ብዙ ጊዜ ሳይታይ ይቆያል። ነጭ ዱቄት የነሰነሱበት የሚመስለው ይህ ትንሽ ተባይ ከሥሩና ከአምቾው ላይ ተጣብቆ ፈሳሹን ይመጣል። በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበው በ1988 እ.ኤ.አ. በጌዴኦ ወናጎ ሲሆን፣ በኋላ በተደረጉ ጥናቶች ጉራጌን ጨምሮ በተለያዩ የእንሰት አብቃይ አካባቢዎች ተገኝቷል። ጉዳቱ ጎልቶ የታየው ከ1,400 እስከ 2,200 ሜትር ከፍታ ባላቸው ቦታዎች ነው። የወልቂጤና የቡታጅራ ከተሞችም በዚህ የከፍታ ክልል ውስጥ ይገኛሉ።

የተጠቃ እንሰት ዕድገቱ ይገታል፣ ቅጠሉ ይደርቃል፣ ሥሩ ስለሚያንስም በቀላሉ ይነቀላል። በበጋ፣ እርጥበት ሲጠፋ ጉዳቱ ይብሳል። አርሶ አደሩ ይህን ከአጠውላጊ በሽታ ጋር እንዳያምታታ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አጠውላጊው በባክቴሪያ የሚመጣ ሲሆን፣ ግንዱ ሲቆረጥ ቢጫማ ዝልግልግ ፈሳሽ ይወጣዋል። ተባዩን ለመለየት ግን አንድ የተጎሳቆለ ተክል ነቅሎ ሥሩን መመልከት ይበቃል።

ተባዩ ብቻውን ሩቅ አይሄድም። ከማሳ ወደ ማሳ፣ ከወረዳ ወደ ወረዳ የሚያደርሰው ዋናው መንገድ የተጠቃ ችግኝ ነው። በአንድ ጓሮ ውስጥ ደግሞ ጉንዳኖች ያዛምቱታል። ተባዩ የሚያወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ስለሚመገቡ ይጠብቁታል፣ ከሥር ወደ ሥርም ያጓጉዙታል። ስለዚህ በእንሰቱ ዙሪያ ያለውን አፈር ደጋግሞ መቆፈርና የጉንዳን ጎጆ ማፍረስ የመከላከሉ አካል ነው።

በ2009 እ.ኤ.አ. ባዮቨርሲቲ ኢንተርናሽናል ያሳተመው የተባዩ መከላከያ መመሪያ ቅድሚያ የሚሰጠው ከተባይ ነፃ ለሆነ ችግኝ ነው። ችግኙ ከመተከሉ በፊት አፈሩ ተራግፎ፣ ሥሩ ተከርክሞ አምቾው ይፈተሻል። ጥርጣሬ ካለ በፈላ ውኃ ከ10 እስከ 30 ሰከንድ ነክሮ ማውጣት ተባዩን ይገድላል። ከዚህ በላይ ማቆየት ግን ችግኙን ሊያቃጥለው ይችላል።

ተባዩ ክፉኛ የገባበትን ማሳ በተመለከተ፣ የተጠቁት ተክሎች ከነሥራቸው ተነቅለው መወገድ አለባቸው። ተባዩ ያለ ምግብ መቆየት የሚችለው ሦስት ሳምንት ያህል በመሆኑ፣ መሬቱ ቢያንስ አንድ ወር ያለ እንሰት እንዲቆይ ይመከራል። ከዚያ በፊት እንደ ድንችና ጎመን ያሉ የአጭር ጊዜ ሰብሎችን ማብቀል ቦታው ባዶ እንዳይሆን ይረዳል። የከብት ፍግ መጨመር ደግሞ ቀሪዎቹ ተክሎች ጉዳቱን ተቋቁመው እንዲያድጉ ያግዛል።

ከብርብራ ዘር የሚዘጋጅ ውኃማ ውህድም ተሞክሮ ተስፋ ሰጪ ውጤት አሳይቷል። ፋብሪካ ሠራሽ ኬሚካል ግን ለምግብ በሚውል ሥር ዙሪያ የሚረጭ ስለሆነ ያለ ባለሙያ ምክር ሊሞከር አይገባም።

አንድ አርሶ አደር ጓሮውን ቢያጸዳ፣ ጎረቤቱ ግን የተጠቃ ችግኝ ቢያመጣ ድካሙ ከንቱ ነው። በመሆኑም የወረዳ ግብርና ባለሙያዎች የችግኝ ጣቢያዎችን መፈተሽ፣ ለገበያ የሚቀርብ ችግኝም ሥሩ ሳይታይ እንዳይሸጥና እንዳይጓጓዝ መከታተል ይኖርባቸዋል። አርሶ አደሩም ችግኝ ሲገዛ ቅጠሉን ብቻ ሳይሆን አምቾውን ገልብጦ ማየት አለበት። ጥቂት ደቂቃ የሚወስድ ፍተሻ የዓመታት ልፋትን ይታደጋል።