ሁለት ሳንቲ ተኩል ከፍ ለማለት

ኮምቦልቻ ጎሚስታ ቤት በር ላይ አይሱዙውን አቁሞ «750ውን አውርድና 825 ግጠምልኝ» የሚል ባለመኪና ምን እንደሚፈልግ ግልጽ ነው። መኪናዋ ከፍ ትበል፣ ሆዷ ድንጋይ አይንካ፣ ከተቻለም ጥቂት ኩንታል ትጨምር። ስንት ከፍ እንደምትል ግን አስቀድሞ ያሰላ ብዙ የለም። በ16 ቸርኬ ላይ የሚገባው 750 ጎማ ከጫፍ ጫፍ 805 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ 825ቱ ደግሞ 855 ገደማ። ልዩነቱ 5 ሳንቲሜትር ይሁን እንጂ ግማሹ ከዘንጉ በላይ ስለሚቀር፣ መኪናዋ ከመሬት የምትነሳው 2.5 ሳንቲ ብቻ ነው።

አሜሪካኖች የኋላ ጎማቸው ድርብ የሆነ ፒክአፖችን ለዚሁ ተብሎ በተሠራ ዕቃ 15 ሳንቲሜትር ያህል ያነሷቸዋል። አብዛኛው ለዓይን ነው ቢባል ማንም አይቀየምም። እዚህ ወሎ ውስጥ ግን ከፍ ያለች መኪና የእንጀራ ጉዳይ ናት።

ከኮምቦልቻ ደሴ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በሐረጎ በኩል እየተጠማዘዘ ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። በዚህ መንገድ 750 ጎማ ወደ 9,900 ጊዜ ይሽከረከራል፤ 825 ወደ 9,300። ስድስት መቶ ዙር የተረፈ ይመስላል። አልተረፈም። ዘንጉን የሚያዞረው ያው ሞተር፣ ያው ካምቢዮ ነው፤ ጎማው ባደገ ቁጥር መሬቱን የሚገፋበት ጉልበት በዚያው ልክ፣ ማለትም በ6 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ትናንት በሦስተኛ ማርሽ የተወጣው ዳገት ዛሬ ሁለተኛ ሊጠይቅ ይችላል። ቆጣሪው 80 ሲል መኪናዋ 85 እየሄደች ነው።

ቁልቁለቱ ይብሳል። ከነጭነቷ 7.5 ቶን የምትመዝን መኪና ከደሴ ኮምቦልቻ ስትወርድ የምታራግፈው ጉልበት 44 ሚሊዮን ጁል ነው። ቁጥሩ ለብቻው ምንም አይልም፤ ወደ ውሃ ሲለወጥ ግን ይታያል፦ 140 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል (ደሴ ላይ ውሃ ገና 92 ዲግሪ አካባቢ መፍላቱ ስሌቱን ትንሽ ያቀለዋል)። ተሳቢ ጎትቶ 40 ቶን የሚመዝነው ደግሞ ወደ 750 ሊትር፣ አራት በርሜል ሊሞላ ጥቂት የቀረው። ሾፌሩ በማርሽ ካልያዛት ይህ ሁሉ ሙቀት የሚያርፈው ፍሬን ላይ ነው። ጎማው ያደገበት ፍሬን ደግሞ አቅሙ በዚያው 6 በመቶ ቀንሷል፤ ከበሮውም ሸራውም የድሮው ነውና።

ይህ ሁሉ ግን እንደ ነገሩ ይቻላል። እኔን ያስገረመኝ ከኋላ ጎን ለጎን በታሰሩት ጥንድ ጎማዎች መካከል ያለችው ክፍተት ናት። ጎሚስታው አውራ ጣቱን በመካከላቸው አስገብቶ ሲያወጣ ያየ ሰው ልማድ ሊመስለው ይችላል። ሰውየው እየለካ ነው። የ750 እና የ825 የስም ስፋት በ19 ሚሊሜትር ይለያያል። ቸርኬው ሳይቀየር ጎማው ብቻ ሲሰፋ፣ እያንዳንዱ ግማሹን ወደ ጓደኛው ስለሚያብጥ ክፍተቷ ልክ በዚያው 19 ሚሊሜትር ትጠባለች። ጭነት ሲያርፍ የጎማው ሆድ የበለጠ ይወጣል። ያኔ ሁለቱ ጎማዎች ይነካካሉ፣ ይፋተጋሉ፣ ይግላሉ፤ የተሰነቀረ ድንጋይም መውጫ ያጣል።

አሁን ደግሞ ከጥንዱ አንዱ ይፈንዳና ባለቤቱ ለቁጠባ ሲል አዲስ ጎማ ከአሮጌው ጎን ይሰር። አዲሱ ካረጀው በጥርሱ 10 ሚሊሜትር ቢበልጥ፣ ከጫፍ ጫፍ 20 ሚሊሜትር ይበልጣል። አሮጌው ደሴ ለመድረስ 252 ተጨማሪ ዙር ያስፈልገው ነበር። ግን በአንድ ቡሎን ታስረው አንድ ላይ ነው የሚዞሩት፤ የጎደለውን ይጎተታል። ስንት? 620 ሜትር ገደማ። ከኮምቦልቻ ደሴ ያለውን ከፍታ የሚያህል ርቀት ጎማው አስፋልት ላይ ተፍቋል ማለት ነው። ስሌቱ የባዶ ጎማ ነው፤ ጭነት ሲያርፍበት ትልቁ ጥቂት ይተኛና ልዩነቱ ይለዝባል፤ ያኔ ደግሞ ሸክሙ አብዛኛው በትልቁ ላይ ይወድቃል። በዚህ የጎማ ልክ ጥንዶች ከጫፍ ጫፍ ከ6 ሚሊሜትር በላይ መለያየት የለባቸውም የሚባለው ለዚህ ነው።

ስለ ኩንታሉም ጎማው ራሱ ጎኑ ላይ ጽፎታል። 122/118 የሚል 750 ጎማ ብቻውን ሲሆን 1,500 ኪሎ ይሸከማል፤ ሲጣመር ግን 1,320። አራቱ የኋላ ጎማዎች 6,000 ሳይሆን 5,280 ነው የሚችሉት፤ መጣመሩ ብቻ ከ7 ኩንታል በላይ ወስዷል። 128/124 የተጻፈበት 825 ሲጣመር 1,600 ስለሚይዝ አራቱ 6,400 ይደርሳሉ። ባለመኪናው የሚያየው ይህችን 11 ኩንታል ነው። ዘንጉ፣ ሻንሲውና ፍሬኑ ግን የተሠሩት ለቀድሞው ልክ ነው። መንገዱም የራሱ ሒሳብ አለው፦ እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 አሜሪካ፣ ኢሊኖይ ውስጥ በተደረገ ሙከራ የአስፋልት ጉዳት ከዘንግ ክብደት አራተኛ ኃይል ጋር እንደሚያድግ ታይቷል። በአንድ ዘንግ ላይ ክብደቱ እጥፍ ሲሆን ጉዳቱ 16 እጥፍ ነው።

መኪናዋን ከፍ የማድረጊያው ሌላው ዘዴ ባሌስትራ ነው። 8 ቅጠል ላይ 2 ቢደረብ ጥንካሬው በሩብ ይጨምራል። የቅጠሉ ውፍረት ከ10 ወደ 12 ሚሊሜትር ቢሄድ ግን በ1.7 እጥፍ ያድጋል፤ ውፍረት የሚቆጠረው በሦስተኛ ኃይል ነውና። ጭነት ሳይኖር ያቺ መኪና እንደ አህያ ጋሪ ትዘላለች። ከፍ ያለው ጭነትም ሐረጎ ላይ በጥምዝ ሲያዝ መኪናዋን ወደ ውጭ የመገልበጥ ኃይሉ ይበዛል።

ለእኔ ሆዷ ድንጋይ የሚነካባት መኪና በ750ዋ ላይ ልኩን የጠበቀ ባሌስትራ ይበቃታል። 825 ግድ ከሆነ ቸርኬውም ይቀየር፤ ለስድስቱ ሳይሆን ለሰባቱ። ትርፍ ጎማው 750 ሆኖ ከቀረ፣ ሌሊት ሐረጎ ላይ አንድ ጎማ ፈንድቶ እሱ ከ825 ጎን ሲታሰር ከኮምቦልቻ ደሴ የሚጎተተው 1.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል።