የክርስትና ስማቸው ማን ነው?

የቅድመ አያቴን መቃብር ልፈልግ ሰሜን ሸዋ፣ እናቴ ወደተወለደችበት አጥቢያ የሄድኩ ዕለት፣ ደጀ ሰላሙ ላይ ተቀምጠው ላገኘኋቸው ሽማግሌ ቄስ ስሙን ከነአባቱ ነገርኳቸው። ጭራቸውን አንድ ሁለቴ ወዝወዝ አደረጉና «የክርስትና ስማቸው ማን ነው ልጄ?» አሉኝ። አላውቅም ነበር። «እንግዲያ በምን እናግኛቸው?» አሉ። እውነታቸውን ነው። ቄሱ ፍትሐት ሲያደርሱ የሚጠሩት በክርስትና ስም እንጂ ጎረቤት በሚጠራበት ስም አይደለም።

በሌላው ዓለም የአያት መቃብር ፍለጋ ከወረቀት ይጀምራል። እኛ ጋ ግን ልደትና ሞት በአገር አቀፍ ደረጃ መመዝገብ የጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የሞተ ገበሬ መዝገብ የለውም። ሐውልትም የለውም። መቃብሩ ላይ ድንጋይ ተከምሮ ነበር፤ ሣር በላዩ በቀለ፤ አለቀ።

መዝገብ የለም ማለት ግን ፍለጋው አይቻልም ማለት አይደለም። መጀመሪያ የሚያዘው ታቦቱ ነው፤ የየትኛው ደብር ሰው ነበሩ? አፅመ ርስት የሚለውን ቃል ልብ በሉት። መሬቱን ከአባቶች አጥንት ጋር አንድ ላይ ያሰረ ቃል ነው። ርስት የሚጠይቅ ሰው ከዋናው አባት እስከ ራሱ ያለውን ትውልድ በሽማግሌ ፊት መቁጠር ነበረበት፤ ስለዚህ ቆጣሪ አይጠፋም ነበር። በ1967 መሬት የሕዝብ ሲሆን ዘር የመቁጠሩ ጥቅም አብሮ ቀረ። አዋጁ ለጭሰኛው የሰጠውን አልክድም፤ የአያቶችን ስም በቃል የሚያውቅ ሰው ግን ከዚያ ወዲህ ይመስለኛል የተመናመነው። የተረፈን የጋብቻው ቆጠራ ነው። እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥሩ አክስት ካሉዎት ቶሎ ይድረሱባቸው፤ ስልክ አይበቃም፣ ቡና ይዘው ይሂዱ።

«መቼ አረፉ?» ብሎ ዓመተ ምሕረት መጠበቅ ደግሞ የከተሜ ጥያቄ ነው። መልሱ «በክፉ ቀን» ከሆነ ከ1880 እስከ 1884 ያለው ረኃብ ነው። «በኅዳር በሽታ» ካሉ 1911 ነው፤ ያን ጊዜ ቀባሪ ጠፍቶ ብዙ ሰው ያለ ወጉ ስለተቀበረ፣ የተለየ መቃብር ፍለጋ ባይደክሙ ይሻላል። «ጥሊያን ሳለ» ከ1928 እስከ 1933 ነው። ቀኑን የሚያስታውሰው ተዝካሩ ነው። «የሚካኤል ለት» ካሉ በ12፣ «የጊዮርጊስ ለት» ካሉ በ23።

የእኔን ፍለጋ የፈታው የአክስቴ ዳዊት ነው። ከማኅደሩ ስታወጣው ጠርዙ በጣት ብዛት ጠቁሯል። ከሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ በእርሳስ የተጻፉ፣ ግማሾቹ የደበዘዙ አሥራ አራት ስሞች ነበሩ። የቤተሰባችን ሙታን ናቸው፤ በጸሎት እንድታነሳቸው እናቷ ያስጻፈቻት። ከላይ ሦስተኛው «ወልደ ሚካኤል» ይላል። እሱ ነው አለችኝ። መጽሐፍ ያስጻፈ አያት ያለው ሰው ደግሞ ብራናውን ይመልከት፤ የአስጻፊው ስም ብዙ ጊዜ በጸሎቱ መካከል ይገባል፣ እሱም የክርስትና ስም ነው። ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በማይክሮፊልም የተነሡት በሺህ የሚቆጠሩ የአገራችን ብራናዎች ቅጂ ሚኒሶታ በሚገኘው የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት አለ። አሜሪካ ያለ ፈላጊ ከዚያ ቢጀምር አይከፋም።

መቃብሩን አግኝቶ አፅሙን ማጣትም አለ። አፅም ይፈልሳል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በነሐሴ 1967 ካረፉ በኋላ አፅማቸው የተገኘው በ1984 ከቤተ መንግሥቱ ግቢ ተቆፍሮ ነው፤ በበዓታ ቆይቶ ሥላሴ ካቴድራል ያረፈው ጥቅምት 26 ቀን 1993 ነው። የተራው ሰው አፅም የሚፈልሰው በሌላ ምክንያት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ዐጸዱ ሲጠብ ደብሩ ቤተሰብ አፅም እንዲያነሳ ማስታወቂያ ያወጣል፤ ሰሚ ያጣው አፅም ከሌሎች ጋር ተሰብስቦ በአንድነት ይቀመጣል። ስለዚህ አስተዳዳሪውን «የት ተቀበሩ?» ብቻ ሳይሆን «ተነሥተው ይሆን?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ቦታው ጨርሶ የማይገኝላቸውም አሉ። በ1970ዎቹ በሱዳን በኩል ወደ ኢየሩሳሌም ሲጓዙ በመንገድ ላይና እንደ ኡም ራኩባ ባሉ የስደተኛ ካምፖች ወደ 4,000 የሚጠጉ ቤተ እስራኤላውያን አልቀዋል። ልጆቻቸው ዛሬ የሚሰበሰቡት ኢየሩሳሌም፣ ሄርጸል ተራራ ላይ በቆመው መታሰቢያ ነው፤ ሥሩ የተቀበረ ሰው የለም።

ስሙን ይዤ ወደ ቄሱ ተመለስኩ። «ወልደ ሚካኤል ብዙ ነው፤ የማን አባት?» አሉኝ። የአያቴን ስም ስነግራቸው ተነሥተው በስተምሥራቅ፣ በቤተልሔሙ ጀርባ ወሰዱኝ። በሁለት ጽዶች መካከል ሦስት ክምር ድንጋይ አለ። ከነዚህ አንዱ ነው አሉ በመቋሚያቸው እያሳዩ፤ የትኛው እንደሆነ እሳቸውም አላወቁም። የያዝኩት ጧፍ አንድ ነበር፣ ለሦስት ቆርጬ አበራሁት።