የእንግሊዝ ልጅም የሚማረው በእናቱ ቋንቋ ነው

አንዲት የቆቦ እናት አዲስ አበባ የምትኖረውን እኅቷን ልትጠይቅ መጥታ ሳለ፣ የጎረቤት ልጆች እርስ በርሳቸው በእንግሊዝኛ ሲጫወቱ ሰማች። ልጆቹ የውጭ አገር ሰዎች ልጆች በሚማሩበት ትምህርት ቤት የሚማሩ ናቸው። እናትየዋ አራተኛ ክፍል የደረሰው የራሷ ልጅ ገና እየተንተባተበ እንደሚያነብ አስታውሳ፣ ያጎደልኩበት እኔ ነኝ ስትል አዘነች። ይህ የብዙ እናቶች ሐዘን ስለሆነ ነገሩን ከሥሩ መመልከት ይገባል።

በአዲስ አበባ የእንግሊዝ ትምህርት ከሚሰጥባቸው ቀደምት ትምህርት ቤቶች አንዱ ሳንፎርድ ነው። ያቋቋሙት ወይዘሮ ክርስቲን ሳንፎርድ ሲሆኑ፣ ባለቤታቸው ዳንኤል ሳንፎርድ በ1933 ዓ.ም. ፋሺስት ኢጣሊያን ለማስወጣት በተደረገው ዘመቻ ከአርበኞች ጋር የሠሩ የእንግሊዝ መኮንን ነበሩ። ትምህርት ቤቱ ኢትዮጵያውያን ልጆችንም ያስተምራል።

የዚህ ዓይነቱ ትምህርት በተለይ የሚያመቸው አባት እናቱ ለሥራ ከአገር አገር ለሚዘዋወሩበት ልጅ ነው። ዛሬ አዲስ አበባ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ናይሮቢ ቢሄድ፣ ትምህርቱም ፈተናውም አንድ ዓይነት ስለሆነ ካቆመበት ይቀጥላል። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። ለእንግሊዛዊው ልጅ እንግሊዝኛ የውጭ ቋንቋ አይደለም፤ እናቱ እሹሩሩ ያለችበት ቋንቋ ነው። ሒሳቡንም ሳይንሱንም የሚማረው በሚያስብበት ቋንቋ ነው። ከእርሱ ልንወስደው የሚገባንም ይህንኑ መንገድ ነው።

የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ፣ እንግሊዝኛ ደግሞ የሁለተኛ ደረጃ ማስተማሪያ እንዲሆን ደንግጓል። የራያ ቆላ ልጅ የሚቸገረው በመሸጋገሪያው ላይ ነው። በአማርኛ አጥርቶ ማንበብ ሳይችል ሁለተኛ ደረጃ ከገባ፣ ባዮሎጂውና ፊዚክሱ በእንግሊዝኛ ሲመጡበት ሁለት ሸክም በአንድ ጊዜ ይወድቅበታል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ቆቦ ደርሶ ትምህርት በመቋረጡ ደግሞ ሸክሙ ይበልጥ ከብዷል።

እናት ታዲያ ምን ታድርግ? ማታ እራት ከተበላ በኋላ ልጁ አንድ ገጽ ጮክ ብሎ ያንብብላት። ፊደል ያልቆጠረች እናት ብትሆንም ታዳምጠው፤ ከዚያም ያነበበውን በራሱ አነጋገር እንዲተርክላት ታድርግ። ያነበበው ገብቶት እንደሆነ የምታውቀው በዚህ ነው። ከዚህም ሌላ በየዕለቱ ሁለት ሦስት የእንግሊዝኛ ቃላት፣ ውሃ፣ እሳት፣ ማሽላ ምን እንደሚባሉ እርሱው ያስተምራት። በቆቦ ገበያ አማርኛ፣ ትግርኛና አፋርኛ እየሰማ ያደገ ልጅ ተጨማሪ ቋንቋ አይከብደውም፤ የሚከብደው መሠረት ሲያጣ ነው።

የከተማ እናቶችም ልጃችሁ እንግሊዝኛ ሲያቀላጥፍ ደስ ይበላችሁ፤ በቤት ውስጥ ግን አማርኛውን አትንፈጉት። ለእረፍት ራያ በወረደ ጊዜ አያቱን በአስተርጓሚ የሚያነጋግር ልጅ፣ ያተረፈው ቢኖርም ያጎደለው ይበልጣል።