በደጋና በወይና ደጋ መካከል ያለው እውነት

ከፎገራ ሜዳ ተነሥቶ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣ መንገደኛ፣ ከሩዙ አገር ወደ ጤፉ፣ ከጤፉም ወደ ገብሱና ወደ ድንቹ እየተሻገረ እስከ ጉና ግርጌ ሲዘልቅ፣ ወይና ደጋው እዚህ አበቃ፣ ደጋውም ከዚህ ጀመረ ብሎ ድንጋይ የሚተክልበትን ስፍራ አያገኝም። መጻሕፍት ግን ወሰኑን በ2,300 ሜትር ላይ ስለሚያሰፍሩት፣ ከዚያ መስመር በታች ያለው ማሳ ወይና ደጋ፣ በላዩ ያለው ጎረቤቱ ደጋ ተብሎ ይበየናል፤ ይህም ብያኔ ለመዝገብ ቢመች እንኳ ለአፈሩና ለአየሩ የታመነ አይደለም።

በባኩ ተወልደው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሌ ያስተማሩት ሎጥፊ ዛዴህ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጡት ጽሑፍ፣ አንድ ነገር በአንድ ስም የሚጠራበት እውነት ከ0 እስከ 1 ባለ ማዕረግ ይለካ ዘንድ መሠረት ጣሉ፤ ፈዚ ሎጂክም ከዚህ ተወለደ። ለምሳሌ ወይና ደጋነት በ2,100 ሜትር ላይ ፍጹም ሆኖ፣ በእኩል መጠን እየቀነሰ ሄዶ በ2,500 ላይ 0 ይሁን ብንል፣ በ2,200 ሜትር ላይ ያለ ማሳ የ0.75 ወይና ደጋ ይሆናል። ይህ ቁጥር የዕድል ግምት አይደለም፤ የማሳው ከፍታ አስቀድሞ በርግጥ ታውቋልና።

ገበሬው ግን የሚፈርደው በሚያውቀው ብቻ ሳይሆን ባልተሰማውም ነገር ነው፤ ቦታው ወይና ደጋ ከሆነ፣ ውርጭ እንደሚወርድበትም ካልታወቀ፣ ጤፍ ይዘራል፤ የውርጭ ምስክር በመጣ ጊዜ ግን ፍርዱ ይሻራል። አንሰር ሴት ፕሮግራሚንግ የተባለው የኮምፒዩተር ጥበብ፣ ማይክል ጌልፎንድና ቭላዲሚር ሊፍሺትዝ እ.ኤ.አ. በ1988 በደነገጉት መሠረት ላይ ቆሞ፣ እንዲህ ያለውን ተሻሪ ፍርድ በሥርዓት ያስኬዳል። «ገብስ ካልተዘራ ጤፍ፣ ጤፍም ካልተዘራ ገብስ ይዘራ» ቢባል ሁለት የጸኑ መልሶችን ይሰጣል፤ የእኛ የትርጓሜ ሊቃውንት «አንድም» እያሉ እንደሚያወርዱት፣ እያንዳንዱ መልስ ራሱን ችሎ ምሉዕ ነው።

እነ ማርቲን ደ ኮክና ዲርክ ቨርሜር በቤልጅግ ሁለቱን ጥበባት አዋሕደው እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ሥራ ፍርዱም ማዕረግ አገኘ። ያ የ0.75 ማሳ የውርጭ ምስክርነቱ 0.4 ቢሆን፣ የውርጭ አለመኖር 0.6 ነውና፣ ከ0.75ና ከ0.6 አነስተኛው ተወስዶ ጤፉ በ0.6 ይጸድቃል፤ ምስክሩ ወደ 0.9 ቢበረታ ግን ወደ 0.1 ይወርዳል።

እጅግ የምደነቅበት ምሥጢር ግን የገብሱና የጤፉ ነው። ማዕረግ በገባበት ጊዜ ሁለት የነበሩት መልሶች ስፍር ቁጥር የሌላቸው ይሆናሉ፤ የሁለቱ ማዕረግ ድምር 1 እስከ ሆነ ድረስ፣ ገብስ 0.3 ጤፍ 0.7 ማለትም የጸና መልስ ነው። መሬቱ የሚከፈል ከሆነ ይህ እውነተኛ ፍርድ ነው። የማይከፈል ከሆነ ግን ሌላ ሕግ ይታከላል፤ ይኸውም የእያንዳንዱ ማዕረግ ከራሱ ጋር ተደምሮ ከራሱ እንዳይበልጥ ነው፤ ድምሩም ከ1 ማለፍ ስለማይችል፣ 0.3ና 0.7 ይወድቃሉ፣ 0ና 1 ብቻ ይቀራሉ።