ቻትጂፒቲ ሳይኮሎጂስት መሆን ይችላል? በአሜሪካ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች የሚከራከሩባቸው 3 ጉዳዮች እና ለእኛ ያላቸው ትርጉም



በዚህ ሰሞን በውስጥ መስመር ደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ ይሄ ነው፦ «ዶክተር፣ ሳይኮሎጂስት ጋር ሄጄ ገንዘብ ከማወጣ ቻትጂፒቲን ባወራውስ?» እንደ ቀልድ የሚታለፍ ጥያቄ አይደለም። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ጭንቀት ሲይዛችሁ የምትደውሉለት ባለሙያ የለም። ስልኩ ግን ሁሌም አጠገባችሁ ነው። አይቆጣም፣ አይሰለችም፣ ለጎረቤትም አያወራም (ይቺን የመጨረሻዋን ወደ ታች ስንደርስ እናያታለን)።

ጥያቄው የእኛ ብቻም አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ስለ አእምሮ ሕክምና ሦስት ትልልቅ ክርክሮች አሉ፦ ማን ያክም? ማን መድኃኒት ይዘዝ? በስልክና በቪዲዮ ማከም እስከየት ድረስ ይፈቀድ? ዛሬ እነዚህን እናያለን፣ ከዚያ ወደ ቤታችን እንመለሳለን።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ

አሜሪካ ውስጥ ከ1892 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለ አገር አቀፍ የሳይኮሎጂ ማኅበር አለ። ከዚያ በተጨማሪ እያንዳንዱ ስቴት የራሱ የሳይኮሎጂስቶች ማኅበር አለው። የስቴቱ ማኅበር ሥራ ለአባላቱ ሥልጠና መስጠት፣ የሙያ ሥነ ምግባርን ማስተማር እና የስቴቱ ምክር ቤት ሕግ ሲያወጣ ሄዶ መከራከር ነው።

ማኅበሩ ግን የሥራ ፈቃድ አይሰጥም። ፈቃድ የሚሰጠውም የሚነጥቀውም የስቴቱ መንግሥታዊ ቦርድ ነው። ይህን ሕግ መጀመሪያ ያወጣችው ኮነቲከት ናት፣ በ1945። ዛሬ ፈቃድ የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የዶክትሬት ዲግሪ መያዝ፣ በበላይ ተቆጣጣሪ ሥር መሥራት እና 225 ጥያቄ ያለውን ፈተና ማለፍ አለበት። ባለሙያው ካጠፋ የሚከሰስበት ቦታ አለ ማለት ነው። ይቺን ነጥብ ያዙልኝ፣ ቀጥሎ ትፈለጋለች።

1. ቻትቦት ሕክምና ይስጥ ወይ?

በነሐሴ 2025 (እ.ኤ.አ.) የኢሊኖይ ስቴት አንድ ሕግ አጸደቀ። ሐሳቡ ባጭሩ፦ ሰው ሠራሽ አስተውሎት (ኤአይ) የሥነ ልቦና ሕክምና መስጠት አይችልም። ከታካሚው ጋር ቀጥታ የሕክምና ንግግር ማድረግም ሆነ በራሱ የሕክምና ውሳኔ መወሰን ተከልክሏል። ይህን የጣሰ ለእያንዳንዱ ጥሰት እስከ 10,000 ዶላር ይቀጣል። ሕጉን በግልጽ ከደገፉት መካከል የማኅበራዊ ሠራተኞች ማኅበር የኢሊኖይ ቅርንጫፍ ይገኝበታል።

ሕጉ ቴክኖሎጂውን ሙሉ በሙሉ አልዘጋም። ባለሙያው ቀጠሮ ለመያዝ፣ ክፍያ ለማስተካከል፣ ማስታወሻ ለማደራጀት ሊጠቀምበት ይችላል። ውይይቱ የሚቀዳ ከሆነ ግን የታካሚው የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል። የሃይማኖት ምክርና የእርስ በርስ መደጋገፍም በክልከላው ውስጥ አልገቡም። ስለዚህ የንስሐ አባትን ማማከር ከዚህ ሕግ ጋር አይጋጭም።

ኢሊኖይ ብቻዋን አይደለችም። ኔቫዳ በዚያው ዓመት ተመሳሳይ ክልከላ አወጣች። ዩታ ደግሞ ለየት ያለ መንገድ መረጠች፦ ቻትቦቱ ሰው አለመሆኑን ለተጠቃሚው እንዲናገር እና የተጠቃሚውን የጤና መረጃ እንዳይሸጥ አስገደደች።

ለምን ይሄ ሁሉ ጥንቃቄ?

በ2023 በአሜሪካ የአመጋገብ መዛባት ያለባቸውን ሰዎች የሚረዳ አንድ ትልቅ ድርጅት «ቴሳ» የተባለ ቻትቦት ነበረው። ምግብ በመቀነስ ራሳቸውን የሚጎዱ ሰዎች ሲያናግሩት ስለ ክብደት መቀነስ ይመክራቸው እንደነበር ተጋለጠና ድርጅቱ አወረደው። ምክሩ ለሌላ ሰው ጤናማ ሊሆን ይችላል፣ ለእነዚያ ሰዎች ግን መርዝ ነው። በ2024 እና በ2025 ደግሞ ልጆቻቸውን ራስን በማጥፋት ያጡ ወላጆች የቻትቦት ኩባንያዎችን ፍርድ ቤት አቁመዋል።

እንደ ሐኪም ሳየው ትልቁ ችግር ይሄ ይመስለኛል፦ ቻትቦት የመስማማት ባሕርይ አለው። «ሁሉም ሰው ይጠላኛል» ብላችሁ ስትጽፉለት ስሜታችሁን ተቀብሎ አብሯችሁ ይሄዳል። ጎበዝ ሳይኮሎጂስት ግን ይሰማችሁና «ሁሉም? እስኪ ማንን ነው ያሰብከው?» ብሎ ያስቆማችኋል። መስማማት ደስ ይላል፣ ብዙ ጊዜ የሚፈውሰው ግን ይሄ በፍቅር የሚደረግ ማስቆም ነው።

ነገሩ አዲስም አይደለም። በ1966 ጆሴፍ ዋይዘንባም የተባለ የኤምአይቲ ሳይንቲስት «ኢላይዛ» የምትባል ፕሮግራም ሠራ። የምታደርገው ሰውየው የጻፈውን መልሳ በጥያቄ መልክ ማቅረብ ብቻ ነበር። ሰዎች ግን ልባቸውን ይከፍቱላት ጀመር። ሠሪው ራሱ ደንግጦ ቀሪ ዘመኑን ስለዚህ ጉዳይ ሲያስጠነቅቅ ኖረ።

አሁን ወደዚያች «ለጎረቤት አያወራም» ወደምትለዋ። የቻትጂፒቲ ባለቤት ኩባንያ ኃላፊ ሳም አልትማን ራሱ በ2025 እንደተናገረው፣ ከሐኪም ወይም ከጠበቃ ጋር የምታደርጉት ንግግር ያለው የሕግ ከለላ ከቻትቦት ጋር ለምታደርጉት ንግግር የለውም። ሐኪም ምስጢራችሁን ቢያወጣ ይጠየቃል። እዚህ ጋ ግን ከስሳችሁ ፈቃዱን የምታስነጥቁት ሰው የለም።

2. ሳይኮሎጂስት መድኃኒት ይዘዝ ወይ?

ይሄኛው ክርክር የቆየ ነው። ሳይካትሪስት የሕክምና ዶክተር ነው፣ መድኃኒት ያዛል። ሳይኮሎጂስት የሚያክመው በዋናነት በንግግር ነው፣ በአብዛኛው ዓለም መድኃኒት አያዝም። አሜሪካ ውስጥ ግን ብዙ የስቴት ማኅበራት «ተጨማሪ ሥልጠና ወስደን እንዘዝ» ብለው ለዓመታት ተከራክረዋል። ኒው ሜክሲኮ በ2002 ፈቀደች። ሉዊዚያና በ2004፣ ኢሊኖይ በ2014፣ አዮዋ በ2016፣ አይዳሆ በ2017፣ ኮሎራዶ በ2023፣ ዩታ በ2024 ተከተሏት። ኦሪገን ላይ ግን ምክር ቤቱ ሁለት ጊዜ አሳልፎት ሁለቱንም ጊዜ ገዥዎቹ ውድቅ አድርገውታል፣ በ2010 እና በ2017።

ደጋፊዎቹ የሚሉት፦ በገጠር ሳይካትሪስት የለም፣ ሰው ወራት ይጠብቃል፣ በዚህ መሀል ይጎዳል። ተቃዋሚዎቹ (በብዛት የሐኪሞች ማኅበራት) የሚሉት፦ የአእምሮ መድኃኒት ሌላውን አካል ይነካል፣ ሙሉ የሕክምና ትምህርት ያስፈልጋል።

እኔ ሐኪም ስለሆንኩ ወደ አንዱ ወገን ማድላቴ አይቀርም፣ ይህን ይዛችሁ አንብቡኝ። የተቃዋሚዎቹ ስጋት እውነት አለው። ለምሳሌ የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ ልክ እንደ ድብርት ያደክማል፣ ያስተኛል፣ ፍላጎት ያሳጣል። ደም ሳይመረመር የድብርት መድኃኒት ቢጀመር ዋናው በሽታ ይደበቃል። ሊቲየም የሚወስድ ሰው ደግሞ ለራስ ምታት ብሎ አይቡፕሮፌን ቢጨምር ሊቲየሙ በደም ውስጥ ተጠራቅሞ ሊመርዘው ይችላል። የኢሊኖይ ሕግ መጀመሪያ ሲወጣ ከ17 ዓመት በታች፣ ከ65 በላይ የሆኑትን እና ነፍሰ ጡሮችን ያስቀረውም እንዲህ ላለው ስጋት ነው።

ግን የደጋፊዎቹን ነጥብ እኛ ኢትዮጵያውያን ከማንም በላይ እንረዳዋለን። በአገራችን የሳይካትሪ ስፔሻሊቲ ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በ2003 (እ.ኤ.አ.) ነው። ከዚያ በፊት ስፔሻሊስት ለመሆን ውጭ መሄድ ግድ ነበር። ዛሬም ቢሆን ከአዲስ አበባ ውጭ ብዙውን ታካሚ የሚያዩት የሳይካትሪ ነርሶች እና ሥልጠና የወሰዱ ጤና መኮንኖች ናቸው። መድኃኒትም ያዝዛሉ፣ ብዙ ሕይወትም ያተርፋሉ። ስለዚህ ለእኔ ቁም ነገሩ ማዕረጉ ላይ አይደለም። ሰውየው ምን ሠለጠነ? ሲከብደው ወደ ማን ይልካል? ሲሳሳት ማን ይጠይቀዋል? እነዚህ ሦስቱ ከተመለሱ ነገሩ ይቀላል።

3. ሕክምናው ድንበር ይሻገር ወይ?

ይቺ በተለይ አሜሪካ ላላችሁ ተከታታዮቻችን ናት። ድሮ የሜሪላንድ ሳይኮሎጂስት ቨርጂኒያ ያለን ሰው በቪዲዮ ለማከም የቨርጂኒያ ፈቃድም ያስፈልገው ነበር። አሁን «ሳይፓክት» የሚባል የስቴቶች ስምምነት አለ። በ2020 ሥራ ጀመረ፣ ዛሬ ከ40 በላይ ስቴቶችና ግዛቶች ገብተውበታል። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ እና ዋሽንግተን ዲሲ ሦስቱም አባል ናቸው።

ጥቅሙ ምንድነው? አማርኛ የሚናገር ሳይኮሎጂስት በምትኖሩበት ስቴት ባታገኙ፣ ሌላ አባል ስቴት ያለና በስምምነቱ የተመዘገበ ባለሙያ በቪዲዮ ሊያክማችሁ ይችላል። ሰው በቋንቋው ሲያለቅስ ይለያል። «ሆዴ ባባ» የሚለውን ለአስተርጓሚ ማስረዳት በጣም ይከብዳል። ብዙ ወገኖቻችን ድብርትን «ድብርት» ብለው አይናገሩም፦ «ራሴን ያቃጥለኛል»፣ «ልቤን ይመታኛል»፣ «ጨጓራዬ ነው» ብለው ነው የሚመጡት። ባህሉን የሚያውቅ ባለሙያ ከኋላው ያለውን ይሰማል።

እሺ፣ እኔ ምን ላድርግ?

ማን ጋር ልሂድ?
👉 እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ከተዛባ፣ ሁለት ሳምንት ያለፈው ሐዘን ወይም ጭንቀት ካለ፦ መጀመሪያ በአቅራቢያችሁ ያለ ጤና ጣቢያ ወይም ጠቅላላ ሐኪም ጋር። አካላዊ ምክንያት መኖሩ ይታያል።
👉 የትዳር ችግር፣ ሐዘን፣ የሥራ ጫና፣ ፍርሃት፦ ሳይኮሎጂስት።
👉 ድምፅ መስማት፣ ሰው ያሳድደኛል ማለት፣ ለቀናት ሳይተኙ ከመጠን በላይ መነቃቃት፦ ሳይካትሪስት። አዲስ አበባ ላላችሁ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ፣ በሌሎች ሆስፒታሎችም የሳይካትሪ ክፍል ጠይቁ።

ባለሙያውን ምን ልጠይቀው?
👉 የት ተማርክ? በምን ዲግሪ? የሥራ ፈቃድ አለህ? ከአቅምህ በላይ ሲሆን ወደ ማን ትልካለህ? አትፈሩ፣ ይሄ ድፍረት አይደለም። ደህና ባለሙያ በዚህ አይከፋም። ቲክቶክ ላይ ብዙ ተከታይ መኖር ግን ማስረጃ አይሆንም።

ቻትቦቱንስ?
👉 ለዚህ ተጠቀሙበት፦ ሐኪም ጋር ከመሄዳችሁ በፊት ጥያቄያችሁን ለማደራጀት፣ የማታውቁትን ቃል ለመረዳት፣ የአተነፋፈስ ልምምድ ለመማር።
👉 ለዚህ አትጠቀሙበት፦ መድኃኒት ለመጀመር ወይም ለማቆም፣ «በሽታዬ ምንድነው» ለማለት፣ ራስን ስለመጉዳት ስታስቡ። ስማችሁን፣ የሰው ምስጢር፣ የመሥሪያ ቤታችሁን ጉዳይም አትጻፉበት።
👉 ልጆቻችሁ ከቻትቦት ጋር ምን እንደሚያወሩ ጠይቋቸው። ስልኩን መንጠቅ ሳይሆን አብሮ ቁጭ ብሎ መጠየቅ።

አስቸኳይ ምልክቶች

አንድ ሰው «መኖር ሰልችቶኛል» ካለ፣ ንብረቱን ማከፋፈል ወይም መሰናበት ከጀመረ፣ ወይም በድንገት ራሱን ካገለለ፣ ብቻውን አትተዉት። በቀጥታ «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ብዙ ሰው ጥያቄው ሐሳቡን ያመጣበታል ብሎ ይፈራል። እውነቱ ግን መጠየቅ ሐሳብ አይተክልም፣ ሸክም ነው የሚያቀለው። ከዚያ ለጉዳት የሚያገለግል ነገር ከአጠገቡ አርቁና አብራችሁት ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። አዲስ አበባ ላይ ለአምቡላንስ 907 (ቀይ መስቀል) ወይም 939 መደወል ይቻላል። አሜሪካ ያላችሁ 988 ደውሉ፣ በማንኛውም ሰዓት ይሠራል፣ አስተርጓሚም መጠየቅ ትችላላችሁ።

የመጀመሪያውን ጥያቄ ልመልስ፦ ገንዘብ ስለሌላችሁ ከሆነ ቻትቦት ጋር የምትሄዱት፣ ከእሱ በፊት ጤና ጣቢያን አስቡ። አፍራችሁ ከሆነ ደግሞ፣ የሚያሳፍረውን ነገር ለአንድ ለምታምኑት ሰው ብቻ ንገሩ፣ ለእህት፣ ለጓደኛ፣ ለንስሐ አባት ወይም ለኢማም። ያ ሰው እጃችሁን ይዞ ባለሙያ ጋር ሊያደርሳችሁ ይችላል። ስልኩ ይሄን ማድረግ አይችልም።

ይህ ጽሑፍ ለአንድ ሰው ይጠቅማል ብላችሁ ካሰባችሁ ሼር አድርጉለት። ጥያቄ ካላችሁ ጻፉልኝ።

ጤና ይብዛላችሁ!